ከጣና ዳር እስከ ገዳሪፍ፦ የውኃና የመብራት ጉርብትና አጭር ታሪክ



የመጽሔታችን አዘጋጆች «ጋሼ፣ ዕድሜዎን በመዝገብ ቤት የጨረሱ ሰው ነዎትና ለዘንድሮው እትም አንድ ነገር ይጻፉልን» ቢሉኝ፣ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ መሆኑን እያወቅሁም እንቢ ማለቱ ነውር መስሎ ስለታየኝ ብዕሬን አነሳሁ። ስሕተት ብታገኙ በይቅርታ እለፉኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነገር ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ድርግም አለ። ሴቶቹ ሻማ ፍለጋ ሲሯሯጡ አንድ ጎረምሳ፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ መብራቱን ለሱዳን ሸጠው እኛን በሻማ ያስለቅሱናል» አለ። አጠገቡ የነበሩ አዛውንት ደግሞ፣ «ተው ልጄ፣ ሱዳንም እኮ ጎረቤት ነው፤ ያለ ጎረቤት ማን ይቀብርሃል?» ብለው መለሱለት። ነገሩ እየጋለ ሲሄድ የእድሩ ዳኛ «ልቅሶ ቤት መሆናችንን አትርሱ» ብለው ገሠጹን። እኔም የምለውን ዋጥ አድርጌ ቀረሁ።

አሁን ድንኳኑ ተነሥቷልና የዋጥሁትን ላውጣው። ለመሆኑ ከጎረቤት አገር ጋር ስለ ውኃና ስለ መብራት መዋዋል ከመቼ ጀመረ? የትኛው ውል ፍሬ አፈራ? የትኛውስ ወረቀት ሆኖ ቀረ? ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎችስ ምን ደረሰን?

መብራት ወደ ባሕር ዳር ሲገባ

የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። እኔ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ከጣና ወደብ ሸክም እየተሸከመ ነበር የሚያሳድረን። ማመንጫው ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከፏፏቴው በላይ ውኃውን በቦይ ጠልፎ የሚሠራ ሲሆን ጉልበቱ 11 ሜጋዋት ያህል ነው። ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችንም መዘወሪያውን ያዞረው በዚሁ መብራት ነው።

አንድ ሜጋዋት ስንት ነው ለሚለኝ አንባቢ፣ አንድ ሚሊዮን ዋት ማለት ነው። ባለ 60 ዋት አምፑል ብንቆጥርበት ከ16 ሺህ በላይ አምፑል ያበራል።

መብራቱ ወደ እኛ ሰፈር የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። ከደረሰም በኋላ እናቴ ኩራዟን ጋዝ ሞልታ ከመደርደሪያው ላይ ለብዙ ዓመት አላወረደችም። «የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ይጠፋል» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ስለ እኛ፣ እኛ ሳንኖር

መብራቱ ከመምጣቱ ከስልሳ ዓመት በፊት ግን ስለ ሐይቃችን ወረቀት ተፈርሞ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ስለ ሱዳን ወሰን ተዋዋሉ። በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ሐሪንግተን ነው። የውሉ ሦስተኛ አንቀጽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃው ወደ ናይል እንዳይወርድ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ወይም እንዳያሠሩ የሚል ነው።

ውሉ በሁለት ቋንቋ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጻፈ። እኔ መዝገብ ቤት ስሠራ አንዲት ቃል ስንት ሰው ከፍርድ ቤት እንደምታመላልስ አይቻለሁ። እዚህም ነገሩ እንዲሁ ሆነ። «ማገድ» ማለት ጨርሶ መድፈን ነው ወይስ መቀነስም ይጨምራል? ኢትዮጵያ «ጨርሼ አልደፍንም አልሁ እንጂ አልጠቀምም አላልሁም» ስትል፣ ከታች ያሉት ደግሞ ውሉን ሰፋ አድርገው ሲተረጉሙ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ።

ቀጥሎ በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ አገራችን እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ይኸውም እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት የምታቀርበውን ጥያቄ ኢጣልያ እንድትደግፍላት፣ እንግሊዝ ደግሞ ኢጣልያ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በአገራችን እንድትዘረጋ እንድትደግፋት ነው። ባለቤቱ ሳይሰማ ማለት ይህ አይደል? በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ግን ዝም አላሉም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ስለ ነበር ለማኅበሩ አቤት አሉ። ሁለቱም መንግሥታት «ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም» ብለው ለመመለስ ተገደዱ።

በኋላም በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ.ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ መሐንዲሶች ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። የታሰበውም ግድቡን ኢትዮጵያ አሠርታ፣ የሚጠራቀመውን ውኃ ከታች ያለው ተጠቃሚ እየከፈለ እንዲወስድ ነበር። መሐንዲሶቹ መጥተው የሐይቁን መውጫ ለኩ፤ ጥናቱም ተጻፈ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተቋረጠ። ጎረቤት እየከፈለ፣ ባለቤቱ እያዘዘ የሚሠራ የመጀመሪያው የትብብር ሐሳብ ይኸው ነበር፤ መቃብሩም ጦርነት ሆነ።

ከወረራው በፊት፣ በ1921 ዓ.ም.፣ ግብጽና ሱዳንን የያዘችው እንግሊዝ ስለ ናይል ውኃ ተስማምተው ነበር። በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ደግሞ ግብጽና ነፃ የወጣችው ሱዳን ዓመታዊውን ውኃ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ቆጥረው፣ ለግብጽ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን አደረጉና ቀሪውን 10 ቢሊዮን በትነት ለሚጠፋው ተዉት። ለፀሐይ እንኳ ድርሻ ሲመደብ ለኢትዮጵያ አልተመደበም። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ ደግሞ ከመቶ 85 የሚሆነው ከእኛ ተራሮች የሚወርድ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው፦ ያ ሁሉ መልእክተኛ የተመላለሰበት ጣና፣ ከከተማችን ሥር የሚለቀው ውኃ ዓባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከሚይዘው ውኃ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ትልቁ ውኃ ከበሽሎ፣ ከጀማ፣ ከጉደር፣ ከዴዴሳና ከሌሎቹ ገባሮች የሚመጣ ነው። ይህም አሜሪካኖች ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የዓባይን ተፋሰስ ከመንግሥታችን ጋር ሆነው ሲያጠኑ በሰፊው ተለክቶ ተጻፈ። ጥናቱ 17 ጥራዝ ሲሆን በሱዳን ድንበር አጠገብ ትልቅ ግድብ የሚሠራበትንም ቦታ አመልክቷል።

ሌሎች እንዴት ተስማሙ?

እንዲያው ውል ሁሉ ከንቱ ነው እንዳትሉኝ ሁለት ምሳሌ ላቅርብ። ኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ መውጫ ላይ የኦዌን ፏፏቴን ግድብ በ1946 ዓ.ም. ስታስመርቅ፣ ግብጽ ሐይቁ ውኃ እንዲያጠራቅምላት ስለ ፈለገች ከግድቡ ወጪ ድርሻዋን ከፍላለች፤ ለኡጋንዳ መብራት ድርጅትም ካሣ ሰጥታለች። የውኃውን አለቃቀቅ የሚከታተል ግብጻዊ መሐንዲስም እዚያው ተቀምጧል። እርግጥ ኡጋንዳ ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ይሁንና ከፋዩም፣ ተቀባዩም፣ ቆጣሪውም የታወቀ ነበር።

ሁለተኛው ከእድር ጋር ይመሳሰልብኛል። ማሊ፣ ሞሪታኒያና ሴኔጋል በ1964 ዓ.ም. የሴኔጋል ወንዝ ድርጅት አቋቋሙ። በማሊ ምድር የተሠራው የማናንታሊ ግድብ የማሊ ብቻ አይደለም፤ የሦስቱም የጋራ ንብረት ነው። ከ200 ሜጋዋቱ ማሊ ከመቶ 52፣ ሴኔጋል 33፣ ሞሪታኒያ 15 ትወስዳለች። ድንኳኑ በአንዱ ግቢ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ግን እድሩ ነው እንደማለት ነው።

ሰይፍ በሄደበት መንገድ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች በዚያው በኩል ገብተው ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ተዋግተው ወደቁ። ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው ብዙ ነው። የዚያ ድንበር ታሪክ ሲነገር እኛ የሰማነው የሰይፍ ታሪክ ብቻ ነበር።

በየካቲት 1991 ዓ.ም. የናይል ተፋሰስ አገሮች ዳሬ ሰላም ላይ ተሰብስበው የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭን መሠረቱ። በውኃው ክፍፍል መስማማት ቢያቅታቸው፣ እስቲ በሚቀለው እንጀምር ብለው ከያዟቸው ሥራዎች አንዱ ኢትዮጵያንና ሱዳንን በመብራት ማገናኘት ነበር። የዓለም ባንክ በእኛ በኩል ላለው ሥራ ገንዘብ አበደረ። ከባሕር ዳር እስከ መተማ ከዚያም እስከ ገዳሪፍ ባለ 230 ሺህ ቮልት መስመር ተዘረጋ። በ2006 ዓ.ም. የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ዑመር አልበሽርና ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ገዳሪፍ ላይ ተገኝተው መረቁት። ልኩ 100 ሜጋዋት ያህል ነው። ሰይፍ በሄደበት መንገድ መብራት ሄደ ማለት ነው።

ነገሩ ስጦታ አይደለም። በቆጣሪ ተለክቶ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ሽያጭ ነው። ለሁለቱም የሚስማማበት ምክንያት አለው። በሱዳን የሮዛሪስ ግድብ ክረምት ላይ ደለል እንዳይሞላው ውኃውን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ የሚያመነጨው ይቀንሳል፤ በዚያው ክረምት የእኛ ሐይቆች ይሞላሉ። አንዱ ሲጎድልበት ሌላው ይተርፈዋል።

ከጅቡቲም ጋር በ2003 ዓ.ም. መስመሩ ተገናኘ። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መስመርም ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል መሸጥ ጀመረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከ1894 ጀምሮ የተጻፈው የውኃ ወረቀት አንድ አምፑል አላበራም። ሁለት ጎረቤቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ትንሹን ነገር ቆጥረው ሲዋዋሉ ግን ገመዱ ተሳበ።

የራሳችን ዳርቻ

ይህን ስል ሁሉ ነገር አማረ ማለቴ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ከሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ሲጨመር የመቆጣጠሪያው በሮችም ተጨመሩ። በ1994 ዝናቡ አነሰ፤ ለመብራት የሚለቀቀው ግን አልቆመም። በ1995 ዓ.ም. በጋ የጣና ውኃ እጅግ ወረደና መርከቦች ለወራት መሄድ አቆሙ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። አባቴ ሸክም ይሸከምበት ከነበረው ወደብ አጠገብ ጭቃው ተሰነጣጥቆ፣ ታንኳ በእጅ እየተጎተተ ነበር። የአሣ አጥማጆቹን ፊት አሁንም አልረሳውም።

ከዚያ ጣና በለስ መጣ። ይህ 460 ሜጋዋት የሚያመነጭ ሲሆን፣ ውኃውን ከሐይቁ በምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይጥለዋል። በለስ ተመልሶ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ከሱዳን ድንበር ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ለሱዳን ውኃው ያው ውኃ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ላለው ወንዝ ግን ያው አይደለም። ፏፏቴው በበጋ መሳሳቱን ሄዶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ የተማርሁት፣ ጎረቤትን የማይጎዳ ሥራ የራስን መንደር ሊጎዳ እንደሚችል ነው። ውል ሲፈረም የጎረቤት አገር ብቻ ሳይሆን ታንኳ ቀዛፊውም መጠየቅ አለበት።

ጣና በለስ የተመረቀበት ቀን ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዕለት ኡጋንዳ ውስጥ በእንቴቤ ከተማ ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ርዋንዳና ታንዛኒያ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን ፈረሙ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ግብጽና ሱዳን አልፈረሙም። ይሁንና የሚፈለገው ቁጥር ሲሟላ ስምምነቱ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

ሳይናገሩ መሥራትና ተናግሮ መሥራት

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። 5,150 ሜጋዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ! እኔም እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዜን በዓመት ከፋፍዬ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ ወረቀቱ አሁንም ከሣጥኔ ውስጥ አለ። ከእናንተም ያልገዛ ጥቂት ነው።

በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የሦስቱ አገሮች መሪዎች ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫ ፈርመው ነበር። ስለ ውኃው አሞላልና አለቃቀቅ ግን የሚያስተሳስር ስምምነት ላይ ሳይደርሱ ግድቡ ተመረቀ። የግብጾችን ስጋት «ክፋት ነው» ብለን ብቻ ብናልፈው ትክክል አይመስለኝም። ዝናብ የሌለው አገር በአንድ ወንዝ ሲኖር ይፈራል። ሱዳንም ጎርፉና ደለሉ ስለሚቀንስላት ትጠቀማለች፤ ሆኖም በ2012 ክረምት ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ሲይዝ የመጠጥ ውኃ ጣቢያዎቿ እንደተቸገሩ አመልክታለች። በየቀኑ ስንት ተለቀቀ፣ ስንት ተያዘ የሚለውን ቁጥር መነጋገር አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው። መብት ያለውም ሰው ጎረቤቱ አጠገብ ሲቆፍር ይናገራል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ፣ ገመዱ ባለፈበት በመተማ በኩል ሕፃን ያዘሉ ሴቶች እየተሰደዱ ገቡ። ጎረቤት ማለት ይኸው ነው፤ መብራትም ይሄድበታል፣ ስደተኛም ይመጣበታል።

ስለ ድንኳናችን ደብተር

ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እድራችንና ከመንገዱ ማዶ ያለው እድር ድንኳንና ድስት መዋዋስ የጀመርነው በፍቅር ነበር። ፍቅሩ ሁለት ዓመት አልቆየም። በአንድ ሰሞን ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተና ድንኳናችን ማዶ ተተክሎ ተገኘ። የእኛው ሟች ቤተሰቦች ፀሐይ ላይ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ለወራት ሰላምታ ተነፋፈግን። ያስታረቀን ሽማግሌም ስብከትም አይደለም፤ ደብተር ነው። ማን ወሰደ፣ መቼ ወሰደ፣ ስንት ካስማ፣ ስንት ገመድ፣ መቼ መለሰ፣ ለተቀደደው ስንት ከፈለ ተብሎ በሁለት ቅጂ ይጻፋል፤ አንዱ እኛ ዘንድ፣ ሌላው እነሱ ዘንድ ይቀመጣል። ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ፍቅሩም ተመለሰ።

አገርና አገርም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ያ ጎረምሳ ልጃችን የተናገረውን ቁጣ አልንቅበትም፤ ኀዘን ላይ በጨለማ መቀመጥ ያማል። ነገር ግን የዚያን ማታ ጨለማ ያመጣው ገዳሪፍ የሄደው መብራት አይደለም። ትልቁ መስመር ኃይል እያለው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም ምሰሶ ሲወድቅ ቤታችን ይጨልማል። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለትራንስፎርመርና ለሽቦ እንዲደርስ መጠየቅ መብታችን ነው። ጎረቤት ለምን በራለት ማለት ግን ለእኛ አይበጅም።

በበኩሌ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እድራችን ለድንኳኑ በፀሐይ የሚሞላ ደኅና ፋኖስ ይግዛ። እናቴ ኩራዟን ሞልታ ታስቀምጥ እንደ ነበረው፣ እኛም ሞልተን እናስቀምጥ። የማዶው እድር ሲቸግረው ይውሰድ፤ በደብተሩ ላይ ይፈርምና ይውሰድ።

በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማርልን። ለቀሩት ቤተሰቦች መጽናናትን፣ ለሁላችንም ሰላምን ይስጠን።